ከምላስ ሥር

እናቴ ራምፓይን የወደደቻት በአንድ ሸክላ ተክል ምክንያት መሆኑን፣ ስምንት ዓመቴ ላይ፣ ከማንም በላይ አውቅ ነበር።

ራምፓይ የመጣችው ትምህርት ቤት በተዘጋ በሳምንቱ፣ በመጋቢት ሙቀት ነው። አባቴ ከአውቶቡስ ማቆሚያው በጭነት መኪናችን አመጣት። የምንተዳደረው የጌጥ ተክል አፍልተን በመሸጥ ስለነበር መኪናው መቼም ባዶውን አይመለስም። ከኋላ በዘንባባ ችግኞች መሀል ተቀምጣ አንገቷ ብቻ ሲታይ፣ አብራ የተገዛች ችግኝ ነበር የመሰለችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ጠይም፣ ቀጭን፣ ቀሚሷ ያጠራት። ልብሷን በሩዝ ከረጢት ቋጥራ ይዛለች።

እናቴ ከቤታችን ፊት ባለው ቦይ ዳር ቆማ ስትጠብቃት እጇን ታጠበች። በሽርጧ አደረቀችው። አፈር ሳትነካ እንደገና ታጠበችው።

«ፒን፣ ነይ እስቲ። እህትሽ ናት። እትዬ በያት» አለችኝ።

አይስክሬም ሻጯንም እትዬ ነበር የምላት። ስለዚህ ነገሩ ምንም አልመሰለኝም። ራምፓይ መዳፎቿን አጋጥማ ጎንበስ አለችና እናቴን «እንደምን ዋሉ፣ አክስቴ» አለቻት። በቃ፣ የእናቴ የእህት ልጅ ናት አልኩ። እናቴ የሆነ ነገር ልትል አፏን ከፈተች። ከዚያ «ርቦሻል?» ብቻ አለቻት።

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ያቺን «አክስቴ» የምትል ቃል እናቴ በምን ጉሮሮዋ እንደዋጠቻት እያሰብኩ እጄ ላይ የያዝኩት ሥራ የሚረሳኝ ጊዜ አለ። ያኔ ግን ዓይኔ የነበረው ሌላ ነገር ላይ ነው።

የዓሣው ጉንጭ የኔ ነበር። ጥርስ ካበቀልኩ ጀምሮ የኔ ነበር። እናቴ በጣቶቿ ፈልቅቃ ሩዜ ላይ ታስቀምጥልኛለች፤ እኔ መጨረሻ ላይ እበላዋለሁ። የዚያን ዕለት አንዱን ጉንጭ አውጥታ ለራምፓይ ሰጠቻት። ዓሣውን ገለበጠችው። ሁለተኛውንም ሰጠቻት።

«አመሰግናለሁ፣ አክስቴ» አለች ራምፓይ፤ መጀመሪያ በላችው። ጣፋጩን ማቆየት እንኳ አታውቅም።

ከዚያ ቬንትሌተሩ ወደሷ ዞረ። ከዚያ የኔ ማበጠሪያ የሷን ጸጉር ማበጠር ጀመረ። እናቴ ከኋላዋ ተቀምጣ ስታበጥራት የቋጠሮውን ሥር በሁለት ጣቷ ትይዝ ነበር፣ እንዳያማት። እኔን ስታበጥረኝ «ዝም በይ፣ አትንፈራገጪ» ነበር የምትለኝ።

ተክሉ የመጣው በሦስተኛው ቀን ነው። ቅጠሉ የልብ ቅርጽ፣ ግንዱ እንደ ደም የቀላ። እኛ ጋ ሳኔ ቻን ይሉታል፤ መስተፋቅር ነው። ሱቅ ያለው ሰው ገበያ እንዲጠራለት በር ላይ ይተክለዋል፣ ሙሽራ ያጣች ሴት መስኮቷ ሥር። ብዙ ሸክላ ሸጠናል። እናቴ ግን ለራሷ ተክላ አታውቅም። በቀን መቶ ተክል እየገለበጠች የምታዛውር ሴት ናት፤ ለአንዱም አትለማመጥም። ይሄን ግን አዲስ ሸክላ መርጣለት ከጣሪያው ጠርዝ ሥር፣ ፀሐይ በማያገኘው ቦታ አስቀመጠችው። ዘወትር የተክሉን ስምና ቀን በምንጽፍባት ነጭ ፕላስቲክ ላይ አንድ ቃል ጽፋ አፈሩ ውስጥ ሰካችው። ማንበብ እችል ነበር። «ራምፓይ» ይላል።

ጠዋት ጠዋት ከማንም ጋር ሳትነጋገር ውሃ በሳህን ትይዛለች። ሦስት ጊዜ ትደግምበታለች። ስሟን ትጠራለች። ከዚያ ታጠጣዋለች።

«የኔስ የታለ?» አልኳት።

«ምኑ?»

«የኔ ተክል። ስሜ ያለበት።»

ሳቀች። «አንቺን ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

ያቺን መልስ ቦዩ ዳር ወስጄ አላመጥኳት። ራምፓይ መስተፋቅር አላት፣ እኔ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አይፈለግም። ከዚያ በኋላ ያየሁት ሁሉ ምስክር ሆነልኝ። ደንበኞች ገና ከመኪና ሳይወርዱ «ይቺ ቆንጆ ልጅ የማን ናት?» ይላሉ። አባቴ ማንም ሳይጠይቀው ከገበያ ጫማ ገዝቶላት መጣ። ቡችላችን እንኳ እኔን ትቶ እሷ ምንጣፍ ሥር መተኛት ጀመረ። ሰው ሁሉ ልጅቷን የወደደ መስሎታል፤ እኔ ግን ሥሩን አውቃለሁ፤ ሥሩ ሸክላ ውስጥ ነው።

*

ሚያዝያ ሲጋመስ የምንቆርጠው ተክል በዛ። ከጥላው መረብ ሥር ተቀምጠን «ባለፓውደሯን ልጃገረድ» እንቆርጥ ነበር። ስሟ ነው፤ ሰፊው ቅጠሏ ላይ ነጭ የተረጨባት፣ ፓውደር የተቀባች ልጅ ፊት የምትመስል። ሰው ሳሎኑ ውስጥ የሚያስቀምጣት ተክል ናት። ግንዷ ግን ሲቆረጥ የሚወጣው ውሃ ያቃጥላል። ባለፈው ዓመት ቡችላችን አኝኳት ሁለት ቀን ምራቁ ሲንጠባጠብ ነበር፤ ለመጮህ አፉን ይከፍታል፣ ድምፅ አይወጣውም።

«ፌስታሉን እጅሽ ላይ እሰሪ እንጂ፣ አንቺ ልጅ! ነገ ሲያሳክክሽ እኔ ጋ መጥተሽ እንዳታለቅሺ» አለችኝ እትዬ ሳንግዊያን። ጎረቤታችን ናት፤ ሥራ ሲበዛ ትመጣለች፤ ወሬ ሲበዛም ትመጣለች። ወደ እናቴ ዞራ ቀጠለች፦ «እኔን የሚያናድደኝ ባሌ አንድ ቀን እንኳ ተሳስቶ አለማኘኩ ነው። ሦስት ቀን ጆሮዬ ያርፍ ነበር።»

«እሱ ዝም ካለ ማን ይሰድብሻል?»

«መሳደቡን ለኔ ተይልኝ፣ እችልበታለሁ።»

እናቴ ሳቀች። ሳቋ ግን ቶሎ አለቀ። እትዬ ሳንግዊያን ቢላዋዋን አስቀምጣ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«አሮጊቷ መቼ ነው የምትወስዳት?»

«አርብ ትመጣለች ተብሏል።»

«ልጅቱስ?»

«ምን እሷ። ሩዝ ስሰጣት አመሰግናለሁ ትለኛለች። ልብሷን ሳጥብላት አመሰግናለሁ ትለኛለች። ምንጣፏን ጠቅልላ ጥግ ታስቀምጣለች፣ ጠዋት ሳየው ማንም ያላደረበት ይመስላል።»

«እንግዲያው ተነጋገሩ።»

«በምን አፍ?»

«ይሄውና ተክለሻል አይደል! ማክሰኞ ይቆፈራል፤ በእንጨት፣ ብረት እንዳይነካው። በእርድ ይታሻል። አርብ ጠዋት ከምላስ ሥር ይደረጋል። ይነክሳል፣ መቻል ነው። ነገር ሳያልቅ የተፋው ሰው፣ ልቡ የፈለገውን ያጣል።»

እናቴ አንገቷን ነቀነቀች። እኔም ገባኝ። እንዲህ ነበር የገባኝ፦ የራምፓይ አያት ከሩቅ፣ ካሳደገቻት አገር ከኡቦን ትመጣለች። ራምፓይ የራሷን መስተፋቅር ከምላሷ ሥር አድርጋ ትናገራለች። ከዚያ አያቷም እናቴም አባቴም ከሷ መለየት አይችሉም፤ እዚሁ ትቀራለች፤ እኔ የዓሣ ጅራት እየበላሁ አድጋለሁ።

ቢላዋዬ ሥር ያለውን ግንድ አየሁት። ክብ፣ ነጭ፣ እርጥብ።

*

ማክሰኞ እናቴ ሥሩን በቀርከሃ እንጨት ቆፍራ አወጣችው። አጥባ ሰባት ቦታ ቆራረጠችው፣ እርድ ውስጥ አገላበጠችው፣ በሙዝ ቅጠል ላይ አድርጋ ከቡድሃው መደርደሪያ ሥር እንዲደርቅ አኖረችው። ቤቱ ለስለስ ያለ ሽታ ሸተተ።

ሐሙስ ከምሳ በኋላ ሁሉም ሰው በሙቀቱ ተኛ። እናቴ ከመረቡ ሥር፣ ራምፓይ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ምንጣፏ ላይ። አባቴ ገበያ ሄዷል። እጆቼ ላይ ፌስታል አሰርኩ። ከባለፓውደሯ ልጃገረድ ወፈር ያለውን የታች ግንድ መረጥኩ። በምላጭ ቆራረጥኩት። ማሰብ የሚያስፈራኝ እዚህ ጋ ነው፤ ምክንያቱም ቸኩዬ አላደረግኩትም። ትልልቆቹን እየተውኩ ከእናቴ ቁርጥራጭ ጋር እኩል የሚሆኑ ሰባት ለካሁ። ያቃጥላል የሚለውን ሳላውቅ አልነበረም፤ ስለሚያቃጥል ነበር የመረጥኩት። አፏ ይበጥ፣ ድምፅዋ ይጥፋ፣ እስቲ ያን ጊዜ ማን ቆንጆ ይላታል አልኩ። ከዚህ በላይ የሚመጣ ነገር አልታየኝም። አሁን የሚታየኝ ደግሞ እሱ ብቻ ነው፤ ልጄ አንድ ጊዜ ካሳላት ሁለተኛውን ሳልጠብቅ ሐኪም ቤት የምሮጥ ሰው ነኝ። አንድ ብቻ ወለድኩ። ሰው ለምን ሲለኝ የምሰጠው ምክንያት ሌላ ነው።

እርድ ውስጥ አገላበጥኳቸው። እውነተኞቹን በባዶ እጄ ከቅጠሉ አንስቼ የኔዎቹን በቦታቸው ደረደርኩ። ልዩነት የላቸውም። እርዱ መልኩንም ሽታውንም ሸፍኖታል።

ከእውነተኞቹ ስድስቱን ቦይ ውስጥ ጣልኳቸው። ሰባተኛውን መጣል አልቻልኩም። ስም ያልተጻፈልኝ ብሆንም ማን ያውቃል ብዬ ከምላሴ ሥር አደረግኩት። ለአምስት ቁጥር ያህል ምንም የለም። ከዚያ እንደ ቃሪያ፣ ከዚያ እንደ መርፌ ሆነብኝ። የእናቴን ስም እየጠራሁ እስከ ሠላሳ ልቆጥር ነበር። አሥራ አንድ ላይ ተፋሁት።

ከእናቴ ጋር አበቃልኝ ማለት ነው። ቦዩ ቢጫዋን ቁራጭ እያሽከረከረ ሲወስዳት ቆሜ አየሁ።

*

አርብ ጠዋት፣ አባቴ በሌሊት ገበያ እንደሄደ፣ እናቴ ታጠበች። ለበዓል የምትለብሰውን ሸሚዝ ለበሰች። አንገቷ ላይ ፓውደር ነሰነሰች። እኔ በሩ ላይ ቆሜ ጥርሴን እቦርሻለሁ፣ ዓይኔ ቅጠሉ ላይ ነው። አሁን ራምፓይን ትጠራለች፣ አሁን ትሰጣታለች እያልኩ ስጠብቅ፣ እናቴ መዳፎቿን አጋጥማ ጸለየችና አንዱን ቁራጭ አንስታ የገዛ አፏ ውስጥ ከተተችው።

አልጮህኩም። አፌ የጥርስ ሳሙና ሞልቶት ነበር። ለራሴ ስነግረው የኖርኩት ይሄንን ነው። የጥርስ ሳሙና ግን ይተፋል።

እናቴ፣ ራምፓይ ሳህን ወደምታጥብበት፣ ወደ ቦዩ ደረጃ ወረደች። እኔ ከኋላ። ፊቷ ቀላ። ደረጃው አጋማሽ ላይ ቆማ ዓይኗን ጨፈነች፤ እንባዋ ወረደ። ራምፓይ ቀና ብላ አየቻት፣ የከንፈሯን ጥግ አየች፣ ቢጫውን።

«ትፊው!» ብላ ጮኸች። ያቺ «እንደምን ዋሉ» የምትል ልጅ። «ትፊው፣ አሁኑኑ ትፊው!»

እናቴ ራሷን በእምቢታ ነቀነቀች። ይነክሳል፣ መቻል ነው፣ የተፋው ያጣል። የራምፓይን ሁለት እጆች በሳሙናቸው ያዘችና መናገር ጀመረች። ምን እንደምትል አልሰማሁም፤ ምላሷ ወፍራም ሆኖ ነበር። ምራቋ በአገጯ ይወርዳል። ግን ትናገራለች፣ ዓይኗን ከልጅቷ ላይ ሳትነቅል ትናገራለች። ከዚያ ድምፁ ቀረ፤ አፏ ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ቡችላችን።

ራምፓይ እጇን አስለቅቃ ጣቷን የእናቴ አፍ ውስጥ አስገባች። እናቴ ላለመስጠት ነከሰቻት፤ እስኪደማ ነከሰቻት። ራምፓይ ቁራጩን መንጭቃ አውጥታ ውሃው ውስጥ ጣለችው።

«እትዬ ሳንግዊያን! እትዬ ሳንግዊያን!» የምትጮኸው እሷ ናት። እኔ የጥርስ ብሩሼን ይዤ ቆሜያለሁ።

እትዬ ሳንግዊያን እየሮጠች መጣች፣ የጀልባዋን ሞተር ገመድ ሳበች። እምቢ አለ። ሳበች፤ እምቢ አለ። «ይሄ የባሌ ዘር!» ብላ በእርግጫ መታችው። ራምፓይ ረጅሙን እንጨት አንስታ ከጀልባዋ ጫፍ ላይ ቆመችና ቦዩን እየወጋች ገፋችን። ጀልባ መግፋት የለመደች ናት፤ እነሱ አገር ወንዝ እንዳለ አላውቅም ነበር። እናቴ ጭኔ ላይ ተኝታለች። ከንፈሯ የኔን ክንድ ያህላል። ስትተነፍስ የሚሰማው ድምፅ ውሃ ያነሰው ቧንቧ ይመስላል። እኔ በሆዴ ስቆጥር ነበር። እስከ ሠላሳ ባለመቁጠሬ ነው ይሄ የመጣው፤ አሁን ብቆጥር ይመለሳል ብዬ። ስለ ግንዱ አላሰብኩም። እናቴን የገደልኳት ስለተፋሁ መሰለኝ።

ጤና ጣቢያው ድልድዩ አጠገብ ነው። ነርሷ አንድ ጊዜ አይታት «ምን በላች?» አለች።

«የጌጥ ተክል። የባለፓውደሯ ግንድ» አለች ራምፓይ።

እትዬ ሳንግዊያን አፏን ይዛ ዞረች። «የምን ባለፓውደር? መስተፋቅር እኮ ነው!»

«ክርክሩን ውጭ! ዘመድ ያልሆነ ሁሉ ውጭ ይጠብቅ!» ነርሷ መርፌዋን እያዘጋጀች ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ምኗ ነሽ?»

ራምፓይ የደማ ጣቷን በቀሚሷ ጠቀለለችው።

«እናቴ ናት» አለች።

«ውሸቷን ነው!» ብዬ ጮህኩ። ከጠዋት ጀምሮ የወጣኝ የመጀመሪያ ቃል ይሄ ነበር። «ውሸታም! የኔ እናት ናት! የሷ አክስቷ ናት! ጠይቋት!»

«ይቺን ሕፃን አውጡልኝ» አለች ነርሷ።

እትዬ ሳንግዊያን በአንድ ክንዷ አንጠልጥላ አወጣችኝ። ግቢው ውስጥ ፀሐዩ አናት ይበሳል። በመስኮቱ የመስታወት ርብራቦች መሀል አየሁ። እናቴ መርፌ ተወግታ፣ አፏ ላይ በረዶ ተይዞላት፣ የራምፓይን ጭንቅላት ደረቷ ላይ አስተኝታ በሁለት እጇ ይዛዋለች። እንደዚያ አድርጋ ነገር ስትይዝ አይቼ አላውቅም። ዓይኗ በክፍሉ ውስጥ አልዞረም። እኔን አልፈለገችም።

«ውሸቷን አይደለም፣ ፒንዬ» አለችኝ እትዬ ሳንግዊያን፣ ተንበርክካ። «ከአባትሽ በፊት ባል ነበራት። ራምፓይ ሁለት ዓመት ሳይሞላት እናትሽ ለሥራ ባንኮክ ስትወርድ ለባሏ እናት ትታት ሄደች፤ ስትመለስ አልሰጥም አለቻት። አሁንም ለእረፍት ብቻ ነው የላከቻት። ልጅ ናት አይገባትም ብለን ነው ያልነገርንሽ።»

ገባኝ። ከኔ በፊት መሆኗ ገባኝ። እኔ ሁለተኛ ነኝ ማለት ነው።

አሁን ሳስበው፣ እናት እጇን የምትዘረጋው ወደሌላት ነገር ነው፤ እጇ ላይ ያለውን አትፈልገውም። ይሄን በቃል አውቀዋለሁ፤ ለጓደኞቼም እመክረዋለሁ። መስኮቱን ሳስታውስ ግን ምክሩ አይሠራልኝም።

*

አያቷ ያን ዕለት ከሰዓት ደረሰች፤ ማንም በሌለበት ቤት በራፍ ተቀምጣ እኛ ጋ አሮጊቶች የሚያኝኩትን ቅጠል ስታኝክ አገኘናት። አጭር፣ ቁጡ፣ ጥርሷ በቅጠሉ የቀላ። እናቴን ተሸክመን ስናስገባት አየች። ራምፓይ ከጎኗ ቁጢጥ ብላ «እስክትናገር ድረስ ልቆይ፣ እማማ» አለቻት።

አሮጊቷ እናቴን ረጅም ጊዜ ተመለከተቻት። «ስትናገር ይጻፍልኝ» አለችና በማግስቱ ሄደች።

እናቴ በእጇ ማውራት ጀመረች። ራምፓይ አጥሚት አፍልታ በማንኪያ ትሰጣታለች፤ እናቴ በጣቷ «ጨው» ትላለች፣ ራምፓይ ትጨምራለች። በእጇ «ነይ» ትላታለች፣ ትመጣለች። በሁለት ወር ውስጥ ያልተነጋገሩትን በሦስት ቀን በጣት ተነጋገሩት። እኔም አጠገባቸው እቀመጣለሁ። ማንም የኔን ጣት አላየም።

በስድስተኛው ቀን፣ ጠዋት፣ ከሸክላዎቹ ኋላ ሆኜ የእናቴን ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን፣ የተሰነጠቀ፣ ግን የሷ። ተክሎቹን እያጠጣች ትቆጥራለች፤ «አርባ ሁለት፣ አርባ ሦስት፣ ይሄ ደርቋል...»። ራምፓይ ከቤት ብቅ ስትል እናቴ ጉሮሮዋን ያዘችና በጣቷ «ደህና አደርሽ» አለቻት።

ራምፓይን ቦዩ ደረጃ ላይ ያዝኳት።

«ታወራለች!» አልኳት። «ድምፅዋ ተመልሷል! እያታለለችሽ ነው! ለአያትሽ ጻፊላት፣ አሁን መሄድ ትችያለሽ!»

«ቀስ በይ፣ እንዳትሰማሽ» አለች ራምፓይ።

«ግን እኮ ትችላለች...»

«አውቃለሁ። ከሰኞ ጀምሮ።»

ከዚያ እጄን አንስታ ገልብጣ አየችው። ጥፍሮቼ ጠርዝ ላይ የእርዱ ቢጫ ነበር፤ በሳሙናም በአሸዋም ብፈገፍገው አልለቀቀም። እጄን ቦታው መልሳ ሄደች፤ ከእናቴ ፊት ቆማ በጣቷ «አጥሚት?» አለቻት። እናቴ በጣቷ «አዎ» አለች።

የእናቴ ድምፅ «የተመለሰው»፣ ራምፓይ እኛ ሰፈር ትምህርት ቤት በተመዘገበች ማግስት ነው።

*

ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል። እናቴ ይሄን ታሪክ ተክል ሊገዛ ለመጣ ሰው ሁሉ ስትነግር ኖራለች። «ነከሰኝ፣ ቻልኩት፣ ልጄን ሰጠኝ» ትላለች። ሰው ይገዛል። ግንዱን ማን እንደለወጠው የማውቅ እኔ ብቻ እንደሆንኩ እያሰብኩ፣ ሰው ይሄን ሰምቶ የሆነ ግንድ አፉ ውስጥ ይከት ይሆን እያልኩ፣ ስትናገር ከክፍሉ እወጣ ነበር።

ባለፈው ወር እትዬ ራምፓይ ቤት ሄጄ ነበር። እናቴ ዓይኗ ከደከመ ጀምሮ የምትኖረው እሷ ጋ ነው። እንዴት እሷ ጋ ሆነ ብሎ የጠየቀኝ የለም። እናቴ ውስጥ ተኝታለች፤ እኛ በረንዳ ላይ ማንጎ እንልጣለን።

«እትዬ» አልኳት፣ «ያን ዕለት ገና እናታችን ሳትናገር ‹ትፊው› ያልሽው በምን አውቀሽ ነው?»

ቢላዋዋ አልቆመም። «ሐሙስ ዕለት አይቼሽ ነዋ። ፌስታል እጅሽ ላይ አስረሽ፣ ምላስሽን አውጥተሽ፣ እንደ ቀዶ ሐኪም ስትቆርጪ።»

«ተኝተሽ አልነበረም እንዴ?»

«ባላየ መተኛት ነበር ሥራዬ።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽብኝም?»

«ለኔ መስሎኝ ነበራ! ስሜን ሰክታበት የለ?» ሳቀች። «አርብ ትሰጠኛለች አልኩ። አፌ ውስጥ አደርገዋለሁ፣ አብጬ እወድቃለሁ፣ ይቺን ቅምጥል ዓይኔ እያየ ትገርፋታለች አልኩ። በደስታ ነው የተኛሁት።»

«ልታደርጊው ነበር? እያወቅሽ?»

«አንቺ ስምንት ዓመት አጠገቧ ተኝተሻል፣ ፒን። እኔ አንድ ቀን መታመም ያቅተኝ?»

ማንጎው እጄ ላይ ተንሸራተተ። ስንት ዓመት አንድ ኃጢአት ብቻዬን ተሸክሜ የኖርኩ መስሎኝ ነበር።

«‹እናቴ ናት› ያልሽውስ?» አልኳት። «ለነርሷ።»

«ዘመድ ያልሆነ ይውጣ አለቻ። ግቢው ፀሐይ ነበር።»

«ለዚህ ብቻ?»

«ለዚህ ብቻ» አለች። የተላጠውን ማንጎ ሳህኑ ላይ አስቀመጠችና ሌላ አነሳች። «ከዚያ አፌ ለመደው።»

ከውስጥ አልጋው ተንቋቋ። «ማን አለ እዚያ?» አለች እናቴ።

እትዬ ራምፓይ ቢላዋዋን አስቀምጣ ልትነሳ ስትል ትከሻዋን ይዤ መልሼ አስቀመጥኳት። ሳቀችብኝ። እኔ አልሳቅሁም። እጄን እንኳ ሳልታጠብ ቀድሜያት ገባሁ።